ኤሌክትሮኑ የት ገባ? ካርቦን ዳይኦክሳይድን በፖሊመርና በብርሃን ስለመለወጥ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ከጎጃም የደረሱን ናቸው። ሁሉም በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ይሽከረከራሉ፦ ብርሃን የሚቀበል ፖሊመር ሠርቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ወደ ፎርሚክ አሲድ ወይም ወደ ሚቴን መለወጥ። ረጃጅሞቹን ደብዳቤዎች አሳጥረናል፤ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገናል።

ከቢቸና፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ

ጥያቄ፦ ፕላስቲክ ፖሊመር እንደሆነ ተምረናል። ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ለሽቦ ልባስ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ታዲያ ፖሊመር እንዴት አድርጎ በብርሃን ጋዝ ይለውጣል?

መልስ፦ ጀሪካን የሚሠራበት ፖሊኤትሊን ውስጥ ካርቦኖቹ የተያያዙት በነጠላ ቦንድ ብቻ ነው። ኤሌክትሮኖቹ በየቦንዳቸው ተይዘው ስለሚቀመጡ የሚታይ ብርሃን አያንቀሳቅሳቸውም። ነጠላና ድርብ ቦንድ እየተፈራረቁ በሚሄዱበት ፖሊመር ግን ኤሌክትሮኖች በሰንሰለቱ ላይ ተሰራጭተው ይገኛሉ። እንዲህ ያለ ፖሊመር ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ማድረግ እንደሚቻል ያሳዩት ሂገር፣ ማክዲያርሚድና ሺራካዋ እ.ኤ.አ. በ2000 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

እንዲህ ያለው ፖሊመር ላይ ብርሃን ሲያርፍ አንድ ኤሌክትሮን ወደ ከፍተኛ የኃይል ደረጃ ይወጣና ከኋላው ባዶ ቦታ ይተዋል። ባዶ ቦታው ሆል ይባላል። ምን ያህል ጉልበት ያለው ብርሃን እንደሚበቃ ራስሽ ማስላት ትችያለሽ፦ 1240ን በናኖሜትር ለተለካው የሞገድ ርዝመት ስታካፍዪ ጉልበቱን በኤሌክትሮን ቮልት ታገኛለሽ። በዚህ መስክ ብዙ የተጠናው፣ ከካርቦንና ከናይትሮጂን የተያያዘው ካርቦን ናይትራይድ የሚባል ፖሊመር 2.7 ኤሌክትሮን ቮልት ይፈልጋል። ስለዚህ የሚቀበለው እስከ 460 ናኖሜትር ገደማ ያለውን፣ ማለትም ሐምራዊውንና የሰማያዊውን ጫፍ ነው፤ መልኩ ፈዛዛ ቢጫ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ብርሃን መቀበሉ ግን ቀላሉ ሥራ ነው። ፖሊመር ውስጥ ኤሌክትሮኑና ሆሉ አጥብቀው ስለሚሳሳቡ አብረው የሚጓዙት 10 ናኖሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በዚያ ርቀት ውስጥ የሚለያያቸው ነገር ካላገኙ ተመልሰው ይገናኙና የተቀበሉት ጉልበት ሙቀት ወይም ደካማ ብርሃን ሆኖ ይቀራል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱም በቀላሉ የሚበገር አይደለም። አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ለመስጠት −1.9 ቮልት ያስፈልጋል፤ ካርቦን ናይትራይድ ያለው ከ−1.1 እስከ −1.3 ቮልት ነው። መንገዱ ሁለት ኤሌክትሮንና ሁለት ፕሮቶን አብሮ መስጠት ነው፤ ያኔ ለካርቦን ሞኖክሳይድ −0.53፣ ለፎርሚክ አሲድ −0.61 ቮልት ይበቃል። ችግሩ፣ በዚያው ውሃ ውስጥ ፕሮቶኖች በ−0.41 ቮልት ሃይድሮጂን መሆን ይችላሉ። ስለዚህ ኤሌክትሮኑ ሁልጊዜ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ የቀለለ መድረሻ አለው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ሁሉ ዞረው ዞረው የሚያርፉት እዚህ ላይ ነው።

ከደብረ ማርቆስ፣ የማስተርስ ተማሪ

ጥያቄ፦ ከዩሪያ ካርቦን ናይትራይድ ለመሥራት እየሞከርኩ ነው። አንዳንዴ ነጭ፣ አንዳንዴ ቡናማ ይወጣል፤ መጠኑም በጣም ትንሽ ነው። ለእርሻ የሚሸጠውን ዩሪያ መጠቀምስ ይቻላል?

መልስ፦ መጠኑ ማነሱ የአሠራርህ ጥፋት አይደለም። ከ10 ግራም ዩሪያ ከ0.3 እስከ 0.5 ግራም ካገኘህ ደህና ነው፤ ቀሪው በአብዛኛው አሞኒያ፣ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይሄዳል። ከሜላሚን ብትነሣ ግማሽ ያህሉ ይቀርልሃል፤ የሚገኘው ግን ጥቅጥቅ ያለና የገጽታ ስፋቱ በግራም 10 ካሬ ሜትር አካባቢ የሆነ ነው። የዩሪያው 50 ካሬ ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ልዩነቱን የሚያመጣው ጋዙ ነው፦ የቀለጠው ሲጠጥር አሞኒያው እየበሳው ይወጣና እንደ እንጀራ ዓይን ቀዳዳ በቀዳዳ ያደርገዋል። ለብርሃን ሥራ ከዩሪያ መነሣቱን እንመርጣለን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 10 ግራም ዩሪያ ክዳን ባለው የአሉሚና ክሩሲብል ውስጥ አድርግ፤ ክሩሲብሉ ከግማሽ በላይ አይሙላ፤ ዩሪያ በ133 ዲግሪ ቀልጦ አረፋ ስለሚያወጣ ገንፍሎ ፈርነሱ (የማሞቂያ ምድጃው) ወለል ላይ ይጋገራል። ክዳኑን ግጠም፤ ግን አታሽገው። በደቂቃ 5 ዲግሪ እየጨመርክ እስከ 550 ዲግሪ ሴልሺየስ አድርሰውና ከ2 እስከ 4 ሰዓት አቆየው። ከዚያ ፈርነሱን ሳትከፍት በራሱ ይቀዝቅዝ። የወጣውን በሙቀጫ ፍጨው፤ 0.1 ሞላር ናይትሪክ አሲድ ውስጥ ጥቂት ሰዓት አማስለህ፣ የሚታጠብበት ውሃ ገለልተኛ እስኪሆን በተጣራ ውሃ፣ በመጨረሻም በኤታኖል እጠበው። በ80 ዲግሪ ሌሊቱን አድርቀው።

ፈርነሱ የግድ የጭስ መሳቢያ ስር መሆን አለበት። የሚወጣው አሞኒያ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል፤ የመዳብና የነሐስ መገጣጠሚያዎችንም ይበላል። የፈርነሱ በር ጠርዝ ላይ ነጭ ዱቄት ካየህ ሳያያዝ የቀረ መካከለኛ ውጤት ተንኖ የቀዘቀዘ ነው፤ በየጊዜው ካልተጠረገ የጭስ መውጫውን ይደፍናል።

ወደ ቀለሙ ስንመጣ፣ መጀመሪያ የምንጠረጥረው የፈርነሱን ቴርሞሜትር ነው። ማሳያው 550 እያለ ውስጡ 490 ከሆነ ፖሊመሩ ሳይያያዝ ይቀራል፤ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ሲታጠብም ከፊሉ ይሟሟል። ከ600 ካለፈ ናይትሮጂን እያጣ ወደ ብርቱካናማና ቡናማ ይሄዳል፤ ከ700 በላይ ጨርሶ ይጠፋል፤ ክሩሲብሉን ባዶ ታገኘዋለህ። ሌላ ቴርሞካፕል ከክሩሲብሉ አጠገብ አስገብተህ ማመሳከር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ግራ መጋባት ይቀርልሃል። ያገኘኸው ትክክለኛው መሆኑን በሦስት ነገር ታረጋግጣለህ፦ በመዳብ ኤክስሬይ በ27.4 ዲግሪ ማዕዘን ላይ ጠንካራ፣ በ13 ዲግሪ አካባቢ ደካማ ጫፍ ሲኖር፤ በኢንፍራሬድ በሴንቲሜትር 810 ሞገድ ላይ ስለታም ጫፍ ሲታይ፤ የብርሃን መቀበያ ጠርዙ 450 እና 460 ናኖሜትር አካባቢ ሲሆን።

የማዳበሪያ ዩሪያ ለልምምድ ይሆናል። ለመለኪያ ሥራ ግን እንዳለ አትጠቀምበት። ቢዩሬት የሚባል ውህድ አለበት፤ ፍሬዎቹ እንዳይጣበቁ የሚጨመር ልባስም አለው፤ በጥቃቅን መጠን ብረት ሊኖረው ይችላል። በሙቅ ኤታኖል አሟሟው፣ እንደሞቀ አጣራው፣ አቀዝቅዘህ ክሪስታሉን ሰብስብ። ይህን ሁለት ጊዜ ካደረግህ ከላቦራቶሪው ዩሪያ ጋር ማወዳደር ትችላለህ። በነገራችን ላይ የዚህ ቤተሰብ ውህድ አዲስ አይደለም፤ ሊቢግ እ.ኤ.አ. በ1834 ሜሎን ብሎ ሰይሞታል። በሚታይ ብርሃን ከውሃ ሃይድሮጂን እንደሚያወጣ የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

ከባሕር ዳር፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ

ጥያቄ፦ ፖሊመራችን ብዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሰጣል። ደስ ብሎን ሳለ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በአርጎን ተክተን ብናየው ያንኑ ያህል ወጣ። ምን ሆነ?

መልስ፦ ያገኛችሁት ካርቦን ከጋዙ አልመጣም። ይህን ፈተና ማድረጋችሁ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ቡድኖች የሚዘሉት እሱን ነው። የሚወጣው በማይክሮሞል የሚቆጠር ስለሆነ ከየትም የመጣ ትንሽ እድፍ ውጤት መስሎ ይታያል።

በቅደም ተከተል እንፈልገው። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ፖሊመሩ ራሱ ነው። ቀዳዳዎቹ ውስጥ የተሠራበት ፈሳሽና ያልተያያዘ ሞኖመር (ፖሊመሩ የሚሠራበት ነጠላ ክፍል) ይቀራሉ፤ በተለይ ጫፍ ላይ የቀረ አልዲሃይድ ብርሃን ሲያገኘው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል። በሶክስሌት (ፈሳሹን እያተነነና እየመለሰ በሚያጥብ ዕቃ) 24 ሰዓት በሜታኖል፣ 24 ሰዓት በቴትራሃይድሮፉራን እጠቡትና ከ80 እስከ 120 ዲግሪ በቫክዩም አድርቁት። ቀጥሎ ውሃ ውስጥ አድርጋችሁ በአርጎን ስር አብሩበት፤ በየሁለት ሰዓቱ ጋዙን ለኩ። የካርቦን ሞኖክሳይዱ መስመር ተኝቶ እስኪቀር ድረስ ቀጥሉ፤ አንድ ሙሉ ቀን ሊወስድ ይችላል። ውሃውን ለውጣችሁ ነው እውነተኛው ሙከራ የሚጀመረው። መስመሩ የማይተኛ ከሆነ ፖሊመሩ እየፈረሰ ነውና ወደ አሠራሩ ተመለሱ።

ሁለተኛው ፈሳሹ ነው። ዳይሜቲልፎርማማይድ ብትጠቀሙ ቤዝ (አልካሊ) ባለበት ውሃ ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ፎርሜትና ዳይሜቲልአሚን ይበተናል፤ ከዚያ ምንም ብርሃን ሳይኖር ፎርሚክ አሲድ አገኘን ማለት ይመጣል። አሴቶናይትራይል ይሻላል፤ ውሃ ብቻውን ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ። ሦስተኛው ሆሉን እንዲሞላ የምትጨምሩት ትራይኤታኖልአሚን ነው። ኤሌክትሮኑን ሲሰጥ ራሱ ይሰነጠቅና ትናንሽ የካርቦን ውህዶች ይተዋል። የጎማ ክዳኑና የመገጣጠሚያ ቅባቱም ካርቦን አላቸው፤ ቅባቱን ትታችሁ የቴፍሎን ቀለበት ተጠቀሙ።

ማንኛውም ውጤት ቢያንስ አራት ማነጻጸሪያ ያስፈልገዋል፦ ያለ ብርሃን፣ ያለ ፖሊመር፣ በአርጎን፣ ያለ ኤሌክትሮን ሰጪ። ኮባልት ወይም ሌላ ብረት ከጨመራችሁ አምስተኛው ብረቱና ኤሌክትሮን ሰጪው ብቻ ሆነው የሚሞከርበት ነው። እነዚህን ካለፈ በኋላ የመጨረሻው ዳኛ ካርቦን 13፣ ማለትም ከተራው ካርቦን በትንሹ የሚከብደው ዓይነት ነው፤ ጋዙ በእሱ ከተሠራ ከጋዙ የመጣ ውጤትም እሱን ይይዛል። በእሱ የተሠራው ጋዝ ሲሊንደር ውድ ነው፤ ግን በካርቦን 13 የተሠራ ሶዲየም ባይካርቦኔት በትንሹ ገዝቶ በቀጭን ሰልፈሪክ አሲድ ጋዙን ማውጣት ይቻላል። ለ20 ሚሊ ሊትር የጋዝ ቦታ በባሕር ዳር ግፊት 56 ሚሊ ግራም ያህል ይበቃል፤ ከፊሉ ስለሚሟሟ 100 ሚሊ ግራም ውሰዱ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚወድቁበት ጉድጓድ አለ። የተሰየመው፣ ማለትም ካርቦን 13 የያዘው ካርቦን ሞኖክሳይድ በማስ ስፔክትሮሜትር (የሞለኪውልን ክብደት በሚለካው መሣሪያ) 29 ላይ ይታያል። ነገር ግን የተሰየመው ካርቦን ዳይኦክሳይድም መሣሪያው ውስጥ ሲሰበር 29 ይሰጣል፤ የአየር ናይትሮጂን ደግሞ 28 ላይ ከተራው ካርቦን ሞኖክሳይድ ጋር ይደራረባል። ስለዚህ ሦስቱ ጋዞች በጋዝ ክሮማቶግራፉ (ጋዞችን በሚለየው መሣሪያ) ኮለም ላይ በጊዜ ተለያይተው መውጣት አለባቸው፤ የምታነቡትም የካርቦን ሞኖክሳይዱ ተራ ሲደርስ ያለውን 29 ብቻ ነው። የሚለያቸው ሞሌኪውላር ሲቭ ካርቦን ዳይኦክሳይድን አጥብቆ ስለሚይዝ በብዙ ናሙና ይደክማል፤ ጫፎቹ መደራረብ ሲጀምሩ ወደ 300 ዲግሪ አሙቃችሁ በንጹሕ ጋዝ አጥቡት። ፎርሚክ አሲድ ከሆነ በኤንኤምአር ይቀላል፦ የተራው ፎርሜት ፕሮቶን 8.4 ፒፒኤም አካባቢ አንድ መስመር ነው፤ የተሰየመው በ195 ኸርዝ ተራርቀው የሚቆሙ ሁለት መስመሮች ይሆናል። ይህን ሁለት መስመር ያየ ሰው ክርክር የለበትም።

ከደብረ ማርቆስ፣ መምህር

ጥያቄ፦ በጽሑፍ የወጣን አሠራር ሳናዛንፍ ተከትለን የምናገኘው ቁጥር ከእነሱ ጋር አይገጥምም። የከፍታው ጉዳይ ይሆን?

መልስ፦ አንዱ ምክንያት በእርግጥ እሱ ነው፤ ደግሞም በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ይጎትታችኋል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል 2450 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት 75 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። ባሕር ዳር በ1800 ሜትር 81.5 ይሆናል፤ ባሕር ጠረፍ ላይ 101.3 ነው። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊቱን ስለሚከተል በ25 ዲግሪ ባሕር ጠረፍ ላይ በሊትር 33 ሚሊሞል የሚሆነው እናንተ ዘንድ ወደ 24 ይወርዳል። ለፖሊመሩ የሚቀርበው ጋዝ አነሰ ማለት ነው፤ ኤሌክትሮኑም ወደ ሃይድሮጂን ማዘንበሉ አይቀርም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ የሙከራውን ዕቃ በ15 ዲግሪ ውሃ አቀዝቅዙት፤ የሚሟሟው ተመልሶ 33 ይጠጋል። የደብረ ማርቆስ የቧንቧ ውሃ በአብዛኛው ወራት ለዚህ ብዙ አይርቅም።

ሁለተኛው ስሌት ላይ ነው። በጋዝ ክሮማቶግራፍ ያገኛችሁትን መቶኛ ወደ ሞል ስትለውጡ አንድ ሞል ጋዝ 24.5 ሊትር ነው ብላችሁ ካካፈላችሁ ተሳስታችኋል፤ በ25 ዲግሪ እናንተ ከተማ 33 ሊትር ነው። ውጤታችሁን በ35 ከመቶ አሳብጣችሁታል። በ22.4 ካሰላችሁትማ በ47 ከመቶ። ግፊቱን በባሮሜትር ለክታችሁ በየዕለቱ መዝግቡ፤ የስልክ አፕሊኬሽን ብዙ ጊዜ ወደ ባሕር ወለል የተስተካከለውን ግፊት ስለሚያሳይ አትመኑት።

ከእንጅባራ፣ የኬሚስትሪ ተመራማሪ

ጥያቄ፦ ከካርቦን ናይትራይድ አልፈን የራሳችንን ፖሊመር ንድፍ ማውጣት እንፈልጋለን። ከየት እንጀምር? ክፍተቱን፣ ማለትም ኤሌክትሮኑ በብርሃን የሚዘለውን የኃይል ልዩነት፣ ማጥበብ ነው ዋናው?

መልስ፦ ክፍተቱን ማጥበብ ላይ ብቻ ካተኮራችሁ ትከስራላችሁ። ወደ 2 ኤሌክትሮን ቮልት ብታወርዱት እስከ 620 ናኖሜትር ያለውን ብርሃን ይቀበላል፤ ጥቁር ቀይ የሚያምር ዱቄት ታገኛላችሁ። ግን የላይኛው ደረጃ አብሮ ከወረደ ኤሌክትሮኑ ለካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሆን ጉልበት አይኖረውም። በመጀመሪያ በሳይክሊክ ቮልታሜትሪ (ቮልቴጅ እየለወጡ ኤሌክትሪኩን በመለካት) የላይኛውንና የታችኛውን ደረጃ ለኩ፤ ብርሃን መቀበሉን ከዚያ በኋላ ተመልከቱ።

የሚሠራው ዘዴ ኤሌክትሮን ሰጪና ተቀባይ ክፍሎችን በአንድ ሰንሰለት ላይ አፈራርቆ መስፋት ነው። ትራያዚን፣ ቤንዞታያዳያዞልና ሰልፎን ኤሌክትሮን ይስባሉ፤ ታዮፊን፣ ካርባዞልና ትራይፊኒልአሚን ይሰጣሉ። ኤሌክትሮኑና ሆሉ በተለያየ ክፍል ላይ ሲቀመጡ ለመለያየት ይቀላቸዋል። ሰልፎን ሌላም ጥቅም አለው፤ ፖሊመሩን ውሃ እንዲያርሰው ያደርጋል። ቤንዚን ቀለበት ብቻ የሆነ ፖሊመር ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ከውሃ ጋር ካልተገናኘ ደግሞ ሥራ የለውም።

ቀጥሎ ኤሌክትሮኑ የሚያርፍበት ቦታ ያስፈልገዋል። ባይፒሪዲን ያለበት ፖሊመር ብረት ይይዛል። የሬኒየም ባይፒሪዲን ውህድ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በብርሃን ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ እየመረጠ እንደሚለውጥ እነ ሌን እ.ኤ.አ. በ1983 አሳይተዋል፤ ኮባልት ርካሽ ነው፤ ግን ሃይድሮጂንም አብሮ ይሰጣል። ብረቱ ከክብደቱ ከ0.5 እስከ 1 ከመቶ ይብቃው። ሲበዛ ብርሃኑን ራሱ ይውጠዋል። ለመጀመሪያ ሙከራ 10 ሚሊ ግራም ፖሊመር፣ 6 ሚሊ ሊትር አሴቶናይትራይል፣ 2 ሚሊ ሊትር ውሃና 2 ሚሊ ሊትር ትራይኤታኖልአሚን በቂ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን 20 ደቂቃ ያህል አሳልፉበት።

ክሪስታል መዋቅር ያለውን፣ ኮቫለንት ኦርጋኒክ ፍሬምወርክ የሚባለውን ለመሥራት ካሰባችሁ ትራይፎርሚልፍሎሮግሉሲኖልን ከፓራፊኒሊን ዳይአሚን ጋር በማያያዝ ጀምሩ። 63 ሚሊ ግራም ከ48 ሚሊ ግራም ጋር፣ 1.5 ሚሊ ሊትር ሜሲቲሊንና 1.5 ሚሊ ሊትር ዳዮክሴን ውስጥ፣ 0.5 ሚሊ ሊትር 3 ሞላር አሴቲክ አሲድ ጨምራችሁ በአልትራሳውንድ 10 ደቂቃ በትኑት። በፈሳሽ ናይትሮጂን እያቀዘቀዛችሁ ሦስት ጊዜ አየሩን ምጠጡና ቱቦውን አሽጉ፤ በ120 ዲግሪ 3 ቀን ይቆይ። ቀይ ዱቄት ይወጣል። አሲዱ ካነሰ ግንኙነቱ እየተፈታ ራሱን ማረም አይችልምና ቅርጽ አልባ ሆኖ ይቀራል፤ አየሩ በደንብ ካልወጣ አሚኑ ይጠቁራል። ፈሳሽ ናይትሮጂን ከሌላችሁ ከፓራቶሉኢን ሰልፎኒክ አሲድና ከጥቂት ጠብታ ውሃ ጋር በሙቀጫ እየለወሱ ማሞቅም ይሠራል። ይህን ማያያዣ የመረጥነው ውሃና አሲድ ስለማይፈታው ነው። አልዲሃይድና አሚን ሲያያዙ የሚፈጠረው ተራው ኢሚን ቀስ በቀስ ይፈታና አልዲሃይዱን ይለቃል፤ ከባሕር ዳር የተጠየቀው ዓይነት የሐሰት ካርቦን ሞኖክሳይድ ከዚያም ይመጣል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ፖሊመራችሁን በፓላዲየም ረዳትነት በሚያያይዙት በሱዙኪ ወይም በሶኖጋሺራ መንገድ ከሠራችሁት ውስጡ ፓላዲየም ይቀራል። ፓላዲየም ኤሌክትሮኑን ወስዶ ሃይድሮጂን ያደርገዋል። በሶዲየም ዳይኤቲልዳይታዮካርባሜት አጥባችሁ የቀረውን አስለኩ። ንድፉ ደካማ መስሎ ጥፋተኛው ይህ ብረት ብቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ከዳንግላ፣ የፊዚክስ መምህር

ጥያቄ፦ የዜኖን መብራት የለንም። ፀሐይ ላይ ብንሞክረውስ? ውጤታማነቱንስ እንዴት እናስላ?

መልስ፦ ፀሐያችን ለዚህ ሥራ ለጋስ ናት፤ በቀን በካሬ ሜትር በአማካይ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ታሳርፋለች። ለማሳያ ይሆናል። ለመለኪያ ግን ደመና ሲመጣና ሲሄድ ቁጥሩ ስለማይደገም 420 ናኖሜትር የሚያበራ ኤልኢዲ ይሻላል፤ ከዜኖን መብራት እጅግ ርካሽ ነው። ዕቃው እንዳይሞቅ ማራገቢያ አድርጉ።

ስሌቱ ይኸው። የ420 ናኖሜትር አንድ ፎቶን 4.73 ሲባዛ 10 ከፍ −19 ጁል ይይዛል። ሙከራው ላይ የሚያርፈው 50 ሚሊ ዋት ከሆነ በአንድ ሰዓት 632 ማይክሮሞል ፎቶን ገባ ማለት ነው። በዚያ ሰዓት 2 ማይክሮሞል ካርቦን ሞኖክሳይድ ካገኛችሁ፣ እያንዳንዱ ሁለት ኤሌክትሮን ስለሚፈጅ 4 ለ632 ይካፈላል፤ 0.63 ከመቶ። ሃይድሮጂኑን ለብቻው አስሉ፤ አትደምሩት። የኃይል መለኪያ ከሌላችሁ ብርሃኑን በብረት ኦክሳሌት መለካት ይቻላል፤ ሃቻርድና ፓርከር እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጡት ዘዴ ዛሬም ያገለግላል። ውጤቱን በግራም ብቻ አትጻፉ፤ የፖሊመሩን መጠን መቀነስ ብቻ በግራም የሚወጣውን ቁጥር ከፍ ያደርገዋል።

ከፍኖተ ሰላም፣ አረቄ የሚያወጡ እናት

ጥያቄ፦ ድፍድፉ ሲብላላ የሚወጣው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው ብሎ ልጄ ነገረኝ። ይህን ጋዝ በዚህ በምትጽፉት መንገድ ወደ ማገዶ ለውጬ ማውጣት እችላለሁ?

መልስ፦ እማማ፣ ልጅዎ የነገረዎት ልክ ነው። 180 ግራም ስኳር ሲብላላ 88 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ማገዶ ለማድረግ ግን ዛሬ አይሆንም። በላቦራቶሪ ጥሩ የሚባል ፖሊመር በአንድ ግራም በሰዓት 100 ማይክሮሞል ካርቦን ሞኖክሳይድ ቢሰጥ፣ 10 ሰዓት ፀሐይ ቢያገኝ፣ የቀኑ 28 ሚሊ ግራም ነው። በዚያ መጠን አንድ ሊትር ውሃ ለማፍላት ከ1000 ቀን በላይ ማጠራቀም ይጠይቃል። ያውም የሚወጣው ጋዝ ሽታ የሌለው መርዝ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚያዝ አይደለም።

ከድፍድፉ የሚወጣው ጋዝ ለላቦራቶሪም እንዳለ አይመችም። የአልኮል እንፋሎት ይዞ ይመጣል፤ አልኮሉ ራሱ ለፖሊመሩ ኤሌክትሮን ይሰጣል፣ ካርቦኑም ከውጤቱ ጋር ይደባለቃል። እርስዎን የሚመለከተው ዋናው ነገር ሌላ ነው፦ ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል። ጋኖቹ ያሉበት ክፍል በር ሥር ክፍተት ይኑረው፤ ሕፃን በዚያ ክፍል መሬት ላይ አይተኛ።

ልጅዎ ጋዙን ማየት ከፈለገ ኖራ ውሃ ውስጥ በጥብጦ አንድ ሌሊት ያሳድረው፤ ላይ የጠራውን ብቻ ቀድቶ ከጋኑ አፍ በቀጭን ቱቦ የሚመጣውን ጋዝ ያሳልፍበት። ውሃው ወተት ይመስላል። ማሳለፉን ከቀጠለበት ተመልሶ ይጠራል፤ ያኔ ወተት ያስመሰለው ካልሲየም ካርቦኔት በተጨማሪው ጋዝ ወደሚሟሟ ባይካርቦኔት ተለውጧል።